«ባለቤቴ ስንት ጊዜ ያቀድኩትን ቀን አበላሸብኝ»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች አሳጥሬ ላቅርበው። ለሥራ ስብሰባ ወደ ሊዝበን ስትሄጂ ባለቤትሽን በራስሽ ወጪ ይዘሽው ሄድሽ። ስብሰባው ሲያበቃ አንድ ሙሉ ቀን ለሁለታችሁ ተረፈ፤ አንቺም የዚያን ቀን ጉብኝት ከወራት በፊት ጀምረሽ በሰዓት በሰዓት ከፋፍለሽ አዘጋጅተሽ ነበር። እሱ ግን የገዳሙን ውስጠኛ ቅጥር አላይም አለ፤ ግንቡንም አልገባም አለ፤ ምሳ ላይ ሾርባ ብቻ አዘዘ። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ተቀምጦ «አንቺ ጎብኝተሽ ነይ፣ እዚሁ እጠብቅሻለሁ» አለሽ። ብቻሽን ዞርሽ፣ ብቻሽን ፎቶ ተነሣሽ፣ ማታ ሆቴል ገብተሽ አለቀስሽ። አሁን የምትጠይቂኝ «አብሮኝ መሆን ከማያስደስተው ሰው ጋር እንዴት ልኑር?» ብለሽ ነው።

እንዲያ ስትጓጊለት የኖርሽው ቀን በዚያ መልኩ ማለፉ ያማል። ማልቀስሽ አልገረመኝም፤ ቅሬታሽንም ከንቱ አልለውም። ሆኖም ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ባለቤትሽ እምቢ ያላቸውን ነገሮች በአንድ ወገን፣ በፈቃዱ ያደረጋቸውን በሌላ ወገን ጻፍኳቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የቀኑ መልክ ተለወጠብኝ።

ጠዋት ቤሌም የሚባለው የሊዝበን ሰፈር ስትደርሱ የጄሮኒሞስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብሮሽ ገብቷል፤ በመግቢያው ባለው የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አጠገብም ብዙ ቆሟል። ወደ ውስጠኛው ቅጥር እንግባ ስትዪው ግን እምቢ አለ። ከዚያ ወንዙ ዳር ያለውን የአሳሾች መታሰቢያ ሐውልት ዞሮ ዞሮ አየው፤ በአሳንሰር ወደ ጫፉ እንውጣ ስትዪው አልፈለገም። አልፋማ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ስትደርሱ ትራሙን ትቶ በእግር እንሂድ አለ፤ ዳገቱንም ካንቺ ቀድሞ ወጣው። «ደክሞት እንኳ አይደለም» ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ ነሽ። ከከፍታው ላይ ቆሞ የታጉስን ወንዝና የቤቶቹን ቀያይ ጣሪያዎች በደስታ አየ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ በር ላይ ስትደርሱ ግን ተመለሰ።

እህቴ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በነጻ ይገባበታል፤ ውስጠኛው ቅጥር ትኬት ይጠይቃል። ሐውልቱን ከሥሩ ሆኖ ማየት ነጻ ነው፤ ወደ ጫፉ መውጣት ያስከፍላል። የአልፋማ ጠባብ መንገዶች ለማንም ክፍት ናቸው፤ ትራሙና ግንቡ ግን ገንዘብ ይፈልጋሉ። የንግድ አደባባይ ከሚባለው ሰፊ ሜዳ ወርዶ ወንዙ ዳር የሚቀመጥም ሰው ምንም አይከፍልም። ባለቤትሽ ቀኑን ሙሉ ሲሸሽ የዋለው የትኬቱን መስኮት ይመስለኛል።

በደብዳቤሽ መካከል አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፦ «ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው።» ይህን ብለሽ ወዲያው ወደ ግንቡ ታሪክ ተመለስሽ። ሌላም ዐረፍተ ነገር አለ፤ እሱን ግን ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል፤ አንዴ መጀመሪያው ላይ፣ አንዴ መጨረሻው አካባቢ። «ወጪው ሁሉ በእኔ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልቆጠርኩበትም።» አምንሻለሁ። በአንደበትሽ ቆጥረሽበት አታውቂም ይሆናል። እሱ ግን በራሱ ላይ ይቆጥራል። ለዓመታት የቤቱን ወጪ ሲካፈል የኖረ ሰው በየመግቢያው ከሚስቱ ኋላ ቆሞ እሷ ቦርሳዋን ስትከፍት ሲያይ፣ አንቺ ስጦታ ብለሽ የያዝሽው ነገር በእሱ ላይ ዕዳ ሆኖ ይከመርበታል። ይህ የወንድ ኩራት ብቻ እንዳይመስልሽ። ገቢያቸው ተቋርጦ በትዳር ጓደኛቸው ገንዘብ የሚኖሩ ሴቶችም ይህንኑ ስሜት ይነግሩኛል፤ ጫማ ሲያልቅባቸው አዲስ ለመጠየቅ ወራት ይፈጅባቸዋል።

ይህን ስልሽ ለምን ለጋስ ሆንሽ እያልኩሽ አይደለም። ሰው በደስታ መቀበል የሚችለው እሱም የሚሰጠው ነገር ሲኖረውና ያም ነገር ዋጋ ሲያገኝ ነው። ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካውም እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤትሽ ያን ቀን የሚሰጥሽ ነገር ነበረው።

አንደበቱ የተፈታው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያ ሐውልት ሥር። እ.ኤ.አ. በ1960 በቆመው በዚህ መታሰቢያ ላይ ከ30 በላይ ሰዎች ተቀርጸዋል፤ እሱ ከእነዚያ መካከል ክሪስቶፎር ዳ ጋማን ፈልጎ አሳየሽ። ከጥቂት ጊዜ በፊት መቃብሩ አጠገብ የቆማችሁት የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። በ1541 ከ400 ያህል ፖርቱጋላውያን ጋር ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ እንደገባ፣ በማግስቱ ዓመት በኢማም አህመድ ሠራዊት ተማርኮ እንደተገደለ፣ የተረፉት ጓደኞቹም በ1543 ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ወይና ደጋ ላይ እንደተዋጉ ነገረሽ። ከዚያ በሌላኛው ጎን የተቀረጸውን ፔሮ ዳ ኮቪልያን አሳየሽ፤ በ1487 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ልከውት ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ መውጣት ተከልክሎ እዚያው ጎጆ የቀለሰውን፣ የ1520ው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በሕይወት ያገኘውን ሰው። በባዕድ ወደብ ቆማችሁ የራሳችሁን አገር ታሪክ ከድንጋይ ላይ እያነበበልሽ ነበር። ያን ቀን ከጎበኛችሁት ሁሉ ለሁለታችሁ የሚቀርበው ይህ ነበር፤ የሰጠሽም እሱ ነው።

አንቺ ግን ይህን ሁሉ የጻፍሽልኝ ከጥፋቱ ቆጥረሽ ነው። «ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲያወራ ዕቅዳችን ተዛባ፤ ቶሎ በል አልኩት» ትያለሽ። ከዚያ ቦታ በኋላ ባለቤትሽ በደብዳቤሽ ውስጥ ወንዙ ዳር እስኪቀመጥ ድረስ «በእግር እንሂድ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። ተመልሰሽ አንብቢው።

ሆነ ብለሽ አልገፋሽውም። እንዲያውም ዕቅዱን እንዲያ ያጠበቅሽው ሥራ ካጣ ወዲህ በቤታችሁ የሰፈነውን ጭንቀት ለአንድ ቀን ለማስረሳት ብለሽ ይመስለኛል። ምናልባትም አንድ ባዶ ሰዓት ቢገኝ ስለ ሥራውና ስለ ገንዘቡ መነጋገር ይመጣል ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል፤ ይህን እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም፣ ራስሽን ጠይቂ። እሱም ከወቀሳ አያመልጥም። «ሁሉን አንቺ ስትከፍዪ ይከብደኛል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትወጣው ኖሮ ብቻሽን አትዞሪም ነበር። ዝምታው አንቺን እንድትገምቺ አስገደደሽ፤ አንቺም የገመትሽው ከሁሉ የከፋውን፣ ፍቅሩ ማለቁን ነው።

የሰማሁት ያንቺን ወገን ብቻ ስለሆነ የምመክርሽ በጥንቃቄ ነው። የተበላሸውን ቀን ለመካስ ብለሽ ሌላ ጉዞ አታዘጋጂ፤ ሌላ ዕዳ ይሆንበታል። ይልቅስ ያቋረጥሽበትን ታሪክ እንዲጨርስልሽ ጠይቂው፤ ስልክሽን አስቀምጠሽ፣ ከልብሽ መስማት ፈልገሽ። ያን ዕለት ስለ ገንዘብ ባትናገሪ ጥሩ ነው። የገንዘቡን ጉዳይ ሌላ ቀን አንሺው። አሁን የሚያስፈልገውን ከአንቺ እየጠየቀ የሚቀበል ከሆነ፣ ሁለታችሁም ሳትጠያየቁ የምታወጡበት የጋራ ሒሳብ ቢኖራችሁ ይቀለው ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ቢቆጣ ወይም ዝም ቢል አትደንግጪ፤ ለወራት የታመቀ ነገር በአንድ ምሽት አይወጣም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ቤት መዋሉ ነው። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ የእኔ ጽሑፍ አይበቃችሁም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ለፊት አግኝቶ ሊያነጋግረው ይገባል። ቢቻል ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ቀጠሮውን ግን አንቺ አትያዢለት፤ ባለሙያውንም ቀኑንም እሱ ይምረጥ፣ ክፍያውም ከጋራው ሒሳብ ይሁን።