ስለ «ቦዲ ኤንድ ሶል» ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ በአንድ ዘፈን ላይ ብቻ እንቆያለን፤ ጆኒ ግሪን በ1930 ዜማውን በደረሰው «ቦዲ ኤንድ ሶል» ላይ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቅጂ ስትጠቅሱ የተጫዋቹን ስም ብቻ ሳይሆን የተቀዳበትንም ዓመት ጻፉ። ታላላቆቹ የጃዝ ተጫዋቾች ይህን ዘፈን ደጋግመው ቀድተውታል፤ ዓመት ካልተጠቀሰ ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሲከራከሩ ያመሻሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም የሚበልጠው የትኛው ነው?

መልስ፦ የሳክስፎን ተጫዋቹ የኮልማን ሆኪንስ የ1939 ቅጂ። ምክንያቱንም ልንገርህ፤ ስሙን ብቻ ይዘህ ብትሄድ አይጠቅምህም። ሆኪንስ አውሮፓ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ አሜሪካ የተመለሰው በዚያው ዓመት ነበር። ኦክቶበር 11 ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ገባ። ጂን ሮጀርስ በፒያኖ አጭር መግቢያ ይጫወታል፤ ከዚያ ቴነር ሳክስፎኑ ይቀበላል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜዠሮች (ዜማው በምት የሚከፈልባቸው ትንንሽ ክፍሎች) የግሪንን ዜማ ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ ግን አታገኘውም! ሆኪንስ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 64 ሜዠር፣ ከሥር ያሉትን ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ብቻ ይዞ እዚያው በቆመበት አዲስ ዜማ ይደርሳል፤ ወደ ተጻፈው ዜማ ሳይመለስም ይጨርሳል። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ስለነበረ የሚባክን ኖታ የለውም። በሁለተኛው ዙር ሌሎቹ ነፋሾች ከኋላ ሆነው በለስላሳው ሲያጅቡት እርሱ ድምፁን እያወፈረ፣ ሐረጉን እያስረዘመ ወደ ላይ ይወጣል። አወጣጡ ከመጀመሪያው ሐረግ ጀምሮ የተዘጋጀ መሆኑ ደጋግመህ ስትሰማው ይገለጥልሃል። ዜማውን ትቶ የሚሄድ ይህ ሸክላ በሕዝብ ዘንድ በጣም ተወደደ፤ ለእኔ ከዘፈኑ ታሪክ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ2004 ሊጠበቁ ከሚገባቸው ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ነገር ግን ሆኪንስን አስቀድማችሁ አትስሙ። መጀመሪያ ዘፈኑን ከዘፋኝ ስሙት። ሰውየው ምን ትቶ እንደሄደ የማያውቅ አድማጭ ወዴት እንደሄደም አይገባውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከየትኛው ዘፋኝ ልጀምር?

መልስ፦ ከቢሊ ሆሊዴይ፣ 1940። ቀጥሎ የሣራ ቮን የ1946 ቅጂ። ቢሊ ከዜማው ጥቂት ዘግየት እያለች ትዘፍናለች፤ ሣራ ደግሞ ድምፅዋ ምን ያህል ስፋት እንዳለው ታሳያችኋለች። ዜማውን ሳትሳሳቱ እስክታንጎራጉሩት ድረስ ወደ ሳክስፎኖቹ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ጃዝ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ጥያቄህ ከጃዝ በምን ላይ ነው? ዘመን፣ መሣሪያ ወይም ተጫዋች ጨምረህ መልሰህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እርስዎ ከዚህ በፊት ለተጫዋቾች ፈተና የሆነ ዘፈን ነው ብለው ነበር። ፈተናው ምኑ ላይ ነው? ፒያኖ እማራለሁ።

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ቅርጹ የተለመደው ነው፤ ስምንት ስምንት ሜዠር ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ይደገማል፣ መካከለኛው ይመጣል፣ የመጀመሪያው ይመለሳል። ጉዱ ያለው መካከለኛው ክፍል ላይ ነው። ዘፈኑ በአብዛኛው የሚጫወተው በዲ ፍላት ሜጀር ቅኝት ነው። መካከለኛው ክፍል ሲደርስ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ ዲ ሜጀር ውስጥ ይገባል። በጆሮ ሲሰማ ትንሽ እርምጃ ናት፤ በኮርዶች ስሌት ግን ሩቅ አገር ነው። አራት ሜዠር ሲሞላ ደግሞ ወደ ሲ ሜጀር ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሲ ሰባት፣ ቢ ሰባት፣ ቢ ፍላት ሰባት እያለ በግማሽ ግማሽ ድምፅ ወርዶ መነሻው ላይ ያደርስሻል። ጣቶቹ የለመዱትን ብቻ የሚጫወት ሰው እዚያ ቦታ ይጋለጣል። ቀኝ እጅሽን ለጊዜው ተዪውና በግራ እጅሽ የባሱን መስመር ብቻ ተጫወቺ፤ መንገዱ ይገለጥልሻል። ዜማውን በአፍሽ እያዜምሽ ይሁን።

ጥያቄ፦ የሳክስፎን ተጫዋቹ የጆን ኮልትሬን ቅጂስ?

መልስ፦ በ1960 ለአትላንቲክ ሸክላ ኩባንያ የተቀዳው ነው፤ አልበሙ የወጣው በ1964 ነው። ማኮይ ታይነር ፒያኖ፣ ስቲቭ ዴቪስ ባስ፣ ኤልቪን ጆንስ ከበሮ።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ እኔ ያንን ቅጂ አልወደውም። ዘፈኑ ሐዘን ነው፤ ኮልትሬን የሒሳብ ትምህርት አደረገው። ባሱ አንድ ኖታ ላይ ተተክሎ ሲቀር የኮርዶቹ እንቅስቃሴ ይጠፋል።

ሦስተኛ አባል፦ ወንድሜ፣ ባሱ መቆሙ ነው ውበቱ! መካከለኛው ክፍል ሲመጣ ኮርዶቹ እንዴት እንደሚፈነዱ አልሰማህም?

ሌላ አባል፦ ሰምቻለሁ። ሆኪንስም ኮርድ ያበዛል፤ ልብህን ግን አይለቅም።

ሦስተኛ አባል፦ ሆኪንስንም በጊዜው «የት ሄደ ዜማው?» የሚለው አይጠፋም ነበር።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክለኛውን ቦታ ይዛችኋል፤ በፍርዱ ግን ከሦስተኛው አባል ጋር ነኝ። ባሱ የቆመው መካከለኛው ክፍል ሲመጣ እንቅስቃሴው እንዲሰማ ነው። ኮልትሬን በዚያ ክፍል ከአንድ ዓመት በፊት «ጃይንት ስቴፕስ» በተባለው የራሱ ድርሰት ላይ የተጠቀመበትን የኮርድ አካሄድ አስገብቷል። ያ የሚታያችሁ ግን ዋናውን መንገድ ካወቃችሁ ነው። መጀመሪያ ዘፋኞቹን ስሙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሚ ዋይንሃውስ ከቶኒ ቤኔት ጋር የተጫወተችው እንደ ጃዝ ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል። የተቀዳው ማርች 2011 ነው፤ እርስዋ ያረፈችው በዚያው ዓመት ጁላይ። ቤኔት ቦታ እየለቀቀላት ሲዘፍን ስሙት።

ሌላ አባል፦ ጃዝ የሚባለው ግን በቅጽበት ፈጠራ ሲኖርበት...

መልስ፦ «ጃዝ ምንድን ነው» የሚለውን ክርክር ዛሬ አንከፍትም።

ጥያቄ፦ በመድረክ ሲጫወት ሰምተው የማይረሱት አለ?

መልስ፦ አለ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። ቴነር ሳክስፎን የያዘው በዕድሜ የገፋ ሰው ዜማውን አንድ ጊዜ ምንም ሳይጨምርበት፣ ከተጻፈው ሳይወጣ ተጫወተው። ሁለተኛው ዙር ላይ መካከለኛው ክፍል ሊገባ ሲል ፒያኒስቱ እጁን አነሣ። ከበሮውም ዝም አለ። ባስና ሳክስፎን ብቻ ቀሩ። ያቺ የግማሽ ድምፅ ሽግግር እንደዚያ ተገልጣ ሰምቻት አላውቅም። ፒያኖ ባይኖርም እያንዳንዱ ኮርድ ይሰማኝ ነበር፤ ሰውየው የኮርዱን ወሳኝ ኖታ እየመረጠ ያስቀምጥ ስለነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በቅጂ መስማት የፈለገ ሶኒ ሮሊንስ በ1958 ያለ ምንም አጃቢ ለብቻው በሳክስፎን የተጫወተውን ይስማ። መድረክ ስትሄዱ ደግሞ አደራ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ በባስ ተራም አታውሩ። ባሲስቱ ሲጀምር የወሬ ሰዓት የደረሰ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ የባስን ነገር ካነሱ አይቀር፣ ባሱ ጎልቶ የሚሰማበት ቅጂ አለ?

መልስ፦ ዱክ ኤሊንግተንና ጂሚ ብላንተን፣ 1940፤ ፒያኖና ባስ ብቻ። ብላንተን በቀስት ይጫወተዋል። በሳንባ ነቀርሳ የሞተው በ1942፣ በ23 ዓመቱ ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፤ የባሱ ግማሽ ይቀርባችኋል።

ጥያቄ፦ አሁን ገባሁ። ከሁሉም የሚበልጠው የትኛው ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ ቴነር ሳክስፎን እማራለሁ። የሆኪንስን ሶሎ በኖታ ልጻፈው ወይስ የተጻፈ ልፈልግ?

መልስ፦ የተጻፈ አትፈልግ። አስቀድመህ በአፍህ ዘምረው፤ መዘመር ከቻልክ መጻፉ አይከብድህም። ዘፋኙ ኤዲ ጄፈርሰን ለዚሁ ሶሎ ግጥም አውጥቶለት ይዘፍነው ነበር፤ እርሱን ስማ። በቀን አራት ሜዠር ይበቃል፤ እስትንፋስ የሚወስድባቸውን ቦታዎችም ምልክት አድርግ፤ ሐረጉ የሚያልቀው እዚያ ነውና። መካከለኛው ክፍል ላይ ከተቸገርክ የቸገረህን ሜዠር ቁጥሩን ጠቅሰህ ጻፍልኝ።