ዜናው ላይ ያያችሁት ዋጋ የእናንተ አይደለም

ልጆቼ፣ አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ትጠይቁኛላችሁ። «በመጀመሪያው ቀን እጥፍ ይሆናል እየተባለ ነው፤ እንግባ ወይስ ይቅርብን?» የሂሳብ መዝገብ ሳገላብጥ የሸበትኩ ሰው ነኝና መልሴ ጥያቄ ነው። በስንት ነው የምትገቡት?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1998 ዘግሎብ ዶት ኮም የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮኑን በ9 ዶላር አቀረበ። በዚያው ቀን 97 ዶላር ድረስ ወጥቶ ገበያው ሲዘጋ 63 ዶላር ተኩል ላይ አደረ። ከ600 በመቶ በላይ ጭማሪ! ታዲያ በ9 ዶላር የገዛው ማን ነው? ሽያጩን የሚመሩት ባንኮች ዋናውን ድርሻ ገበያው ሳይከፈት የብዙ ሰው ገንዘብ ይዘው ለሚነግዱ ትልልቅ ፈንዶችና ለቤተኛ ደንበኞቻቸው ያድላሉ። ተራው ሰው ወረፋው የሚደርሰው ግብይቱ ሲጀመር ነው፤ ያኔ ዋጋው ተሰቅሏል። 97 ዶላር ላይ የገዛው ሰው ሳይመሽ የገንዘቡን ሲሶ አጥቷል። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2001 አክሲዮኑ ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ናስዳክ ከሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ተሰረዘ።

ስለዚህ «በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ስንት ይደርሳል» የሚለው ግምት ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም። ግምቱ ቢሰምር እንኳ ትርፉ የሌላ ሰው ነው። ደግሞ ወሬ ላይ የተመሠረተ ጥድፊያ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ትዊተር የአክሲዮን ሽያጭ ሰነዱን ይፋ ባደረገ ማግስት፣ ስሙ የሚመሳሰል አንድ የከሰረ የኤሌክትሮኒክስ መደብር አክሲዮን ከ10 እጥፍ በላይ ዘለለ። ገዢዎቹ የኩባንያውን ስም እንኳ አጣርተው አላነበቡም! ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው ግብይቱን ያስቆሙት።

እኔ የምመክራችሁ ኩባንያው ስለ ሽያጩ የሚያወጣውን ሰነድ እንድታነቡ ነው። ፕሮስፔክተስ ይሉታል። ረጅም ነው፣ አሰልቺም ነው፣ ግን በነፃ ይገኛል። ፌስቡክን ተመልከቱ። በሜይ 2012 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ቀናት ሲቀሩት ሰነዱን አሻሽሎ፣ ተጠቃሚዎች ወደ ሞባይል እየሄዱ እንደሆነና የማስታወቂያው ቁጥር ከተጠቃሚው ጋር እኩል እያደገ እንዳልሆነ በግልጽ ጻፈ። ሰው ግን ዓይኑ ዋጋው ላይ ነበር፤ እሱም 28 እስከ 35 ዶላር ከተባለበት ወደ 38 ከፍ ብሏል። ሌላም ነገር እዚያው ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው አክሲዮን ከግማሽ በላይ የሆነው የነባር ባለድርሻዎች ነው። ኩባንያውን ከውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ሲሸጡ እናንተ ለመግዛት ስትጋፉ ቆም ማለት አያስፈልግም? በሴፕቴምበር አክሲዮኑ ከ18 ዶላር በታች ወረደ።

ቀን መቁጠሪያችሁ ላይም አንድ ነገር አስፍሩ። መሥራቾችና ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ ለ180 ቀን ያህል እንዳይሸጡ ይታገዳሉ። እገዳው ሲነሳ ገበያው ላይ አክሲዮን ይበዛል፣ ዋጋም ይንገዳገዳል። የፌስቡክ የመጀመሪያው እገዳ በኦገስት 2012 በተነሳበት ዕለት አክሲዮኑ 6 በመቶ ገደማ ወርዷል።

«ጋሼ፣ ስንጠብቅ ቢያመልጠንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሊያመልጥ ይችላል፣ አልዋሻችሁም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ብዙዎች ተጠራጥረውት ከ108 እስከ 135 ዶላር የታሰበው ዋጋ 85 ላይ ወረደ፤ ስድስት ወር የጠበቀ ሰው ከእጥፍ በላይ ከፍሎ ነው የገዛው። ፌስቡክን የጠበቀ ደግሞ በጣም በርካሽ አገኘው። ሁለቱንም እያወቅኩ አሁንም ጠብቁ እላለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ኩባንያው ሁለት የሩብ ዓመት ሪፖርት ያወጣል። ገቢው በእርግጥ እያደገ እንደሆነና ከሥራው ጥሬ ገንዘብ ገብቶለት እንደሆነ ከዚያ ታዩታላችሁ።