ለማሽነሪ ኤግዚቢሽን ቦሌ፣ ካዛንቺስ ወይስ ሲኤምሲ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። የምግብ ማቀነባበሪያና የማሸጊያ ማሽኖች ኤግዚቢሽን፣ ከጎኑ ጉባኤ፣ አምራቾቹ ደግሞ ከቱርክ፣ ከህንድና ከቻይና የሚመጡ። «ቦሌ ላድርገው፣ ካዛንቺስ ወይስ አዲሱ የሲኤምሲ ማዕከል?» ነው ያልከው። ብዙዎች «ቦሌ ነዋ!» ብለውሃል። በዚህ ሥራ ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ ለአንተ ዝግጅት ግን ሲኤምሲ ይሻላል እላለሁ።

አዘጋጅ ሁሉ ቀድሞ የሚያየው አዳራሹን ነው። ጣሪያው፣ መብራቱ፣ መግቢያው ያምራል ወይ? እኔ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከሚመጣው ሁሉ ለማንቀሳቀስ የሚያስቸግረው የቱ ነው? ሚኒስትርና አምባሳደር ከሆነ ሰፈሩን ለእነሱ ምረጥ። ቶን የሚመዝን ብረት ከሆነ ግን ለብረቱ ምረጥ። ሰው በመኪና ይደርሳል። ማሽን ከተማ መሀል ከተያዘ ግን በሰዓቱ ማስገቢያ ዘዴ የለም።

ካዛንቺስን እወደዋለሁ። የአፍሪካ አዳራሽ እዚያ ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ ማለት ነው። ሂልተንና ራዲሰን ብሉ እዚያው ናቸው፤ ወደ መስቀል አደባባይ ወረድ ስትል ሃያት ሬጀንሲ አለ። ለፖሊሲ ጉባኤና የልማት አጋሮች ለሚበዙበት ስብሰባ ሌላ ቦታ አልፈልግም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ እንግዳ ከሆቴሉ ወደ ስብሰባው በእግሩ ይሄዳል። ግን በ2017 ዓ.ም የድሮው ሰፈር ሲፈርስ እንግዶቻችንን ማታ ማታ የምንወስድባቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች አብረው ሄደዋል። ይህ አሁንም ይቆጨኛል። ለአንተ ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፦ የሆቴል አዳራሽ ለማሽን አልተሠራም። ምንጣፍ ላይ የማሸጊያ መስመር አትዘረጋም።

እዚያው ዝቅ ብሎ ያለውን ኤግዚቢሽን ማዕከልም የጠቀሰልህ አለ። የገና፣ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ባዛር ሲባል የከተማው ሰው ያለ ማስታወቂያ ያውቀዋል። እግረኛ ጎብኚ ከፈለግክ፣ ማለትም ዕቃ ገዝቶ የሚሄድ ሰው፣ እሱን የሚያህል የለም። አንተ ግን የምትፈልገው የፋብሪካ ባለቤት ነው።

ቦሌ ለምን እንደሚመረጥ ይገባኛል። የሚሊኒየም አዳራሽ 2000 ዓ.ምን ለመቀበል የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው የደቂቃዎች መንገድ ነው። ስካይላይት ሆቴል ብቻውን 1,024 ክፍሎች አሉት። ለባንክ፣ ለቱሪዝም፣ ለኢንቨስትመንት ፎረም ቦሌን ሳላመነታ እመርጣለሁ። ግን የመሪ አጀብ በሚያልፍበት ቀን መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቃለህ። ከባድ መኪና ደግሞ ቀን ላይ በከተማው ዋና ዋና መንገዶች ገደብ ስላለበት ዕቃ የምታስገባው ሌሊት ይሆናል። ክሬኑም፣ ፎርክሊፍቱም፣ ቴክኒሻኑም ሌሊት ሊገኙልህ ይገባል። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

አሁን ወደ ሲኤምሲ ልምጣ። በ2017 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ማዕከል፣ አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ማዕከል ማለቴ ነው፣ ለኤግዚቢሽን ታስቦ ነው የተሠራው። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዷል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን መንገዱ ነው። ማሽኖችህ በጅቡቲ በኩል መጥተው ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባሉ ብዬ ልውሰድ። ከሞጆ በፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳለህ። ከዚያ ወደ ጎሮ የሚወስደውን መንገድ ይዘህ በሰሚት በኩል ሲኤምሲ ትወጣለህ። መስቀል አደባባይን አታይም፣ ቦሌን አትነካም።

ገዢዎችህም የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ላይ ብዙ ፋብሪካ አለ። አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ከአዳማ ተነስቶ፣ ማሽን አይቶ፣ ተነጋግሮ፣ ከመጨለሙ በፊት ይመለሳል። መሀል ከተማ ግባ ብትለው ግን «ሌላ ቀን» ይልሃል። እነዚህ ሰዎች ካልመጡ ከኢስታንቡል የመጣው አምራች በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

«እንግዶቹ የት ይደሩ?» ላልከው፣ ቦሌ ይደሩ። በእግር የሚደረስ የአልጋ ብዛት በሲኤምሲ በኩል ገና ከቦሌ ጋር አይወዳደርም። በኮስተር አመላልሳቸው። ጠዋት ከአያት፣ ከሰሚትና ከሲኤምሲ ሰው ሁሉ ወደ መገናኛ ነው የሚጎርፈው። ያንተ ኮስተር በተቃራኒው ይወጣል። ማታም እንደዚያው። መገናኛ ላይ መጨናነቅ አይቀርም፤ ስለዚህ በገርጂ በኩል የሚያውቅ ሹፌር ያዝ። ቀላል ባቡሩ ሲኤምሲ ፌርማታ ስላለው ለተማሪና ለከተማ ጎብኚ ይጠቅማል፣ ለውጭ እንግዳ ግን አትተማመንበት።

ውል ከመፈረምህ በፊት ኤሌክትሪሺያንህን ይዘህ ሂድ። ማሽኖቹ እየሠሩ ካልታዩ ኤግዚቢሽኑ ትርጉም የለውም። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ለከባድ ማሽን የሚሆነው የኤሌክትሪክ መስመር፣ እያንዳንዱ ቦታ ድረስ ይደርሳል ወይ? መብራት ቢጠፋ ጀነሬተሩ የሚይዘው አምፖልና ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው ወይስ ማሽኖቹንም? የበሩን ከፍታና ወለሉ የሚችለውን ክብደት በጽሑፍ ተቀበል። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው አዳራሽ፣ በቃል «ችግር የለም» ተብለን ማሽኑ በበሩ አላልፍ ብሎ ሁለት ቦታ ተፈታ። ባለቤቱ ቆሞ ሲያይ ፊቱን ማየት ይከብድ ነበር።

ቀኑን አልጻፍክም። የካቲት መጀመሪያን ተወው፤ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ስላለ ሆቴል ይወደዳል፣ መንገድ ይዘጋል። የጥምቀትን ሰሞንም እለፍ። ካልቸገረህ ኅዳር መጨረሻ ወይም መጋቢት አድርገው፤ ሁለቱም ከገናና ከጥምቀት ግርግር ውጪ ናቸው። ቀኑንና ትልቁ ማሽን የሚመዝነውን እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስለ ክሬኑና ስለ ጉምሩክ ጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃድ የማውቀውን ደግሞ እጨምርልሃለሁ።