ለሰፈር የጠላ ቅምሻ፦ የትኛው ይቅደም?

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር በየቤቱ የተጠመቀ ጠላ ለሰፈርዎ ሰዎች ከምግብ ጋር ለማቅመስ አስበው፣ የትኛው ቀድሞ ይቅረብ ብለው ለጠየቁት የምችለውን ልመልስ።

ቀለሙን አይመኑ፤ የጠላ ጥቁረት በአብዛኛው የሚመጣው አሻሮው (የጠላው እህል) ሲቆላና እንኩሮው (በውኃ የራሰው ዱቄት) በምጣድ ላይ ሲበስል ካገኘው እሳት እንጂ ከአልኮሉ ብርታት ስላልሆነ፣ ጠቆር ያለው የዳጉሳ ጠላ ነጣ ካለው የገብስ ጠላ የለዘበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀጠን ያለውን አስቀድመው፣ ጌሾው የጠነከረውን አስከትለው፣ ፊልተሩን (ተጣርቶ የሚቀርበውን ብርቱ ጠላ) ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እሱ ከቀደመ የቀረው ሁሉ ውኃ ውኃ ይላል። በወይራ በታጠነ እንስራ የተጠነሰሰ ካለም፣ ጢሱ አፍ ላይ ስለሚቆይ ካልታጠነው በኋላ ይቅረብ።

በየመካከሉ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይበቃል። ጥብስ በአዋዜ ግን በርበሬው የጌሾውን ምሬት ስለሚሸፍን ከቅምሻው በኋላ ቢቀርብ እመርጣለሁ፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ በሽሮ ይተካ። የከተማችንን ዳሸን ቢራ ለማነጻጸሪያ ቢጨምሩ አልቃወምም፤ ሁለቱም ከብቅል ቢነሡም የቢራው ምሬት ሆፕ ከሚባል ተክል፣ የጠላው ከጌሾ ነው። አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች ያልፈላ ብርዝ ያዘጋጁ።