«ለጊዜው ነው» ብለህ አትግባ

ደብዳቤህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ነርሲንግ መማር ትፈልጋለህ፣ ተቀባይነትም አግኝተሃል። አባትህ ግን «ወንድ ልጅ አሳድጌ አልጋ ሊያነጥፍ ነው?» ብለው ክፍያውን አልከፍልም አሉ። አንተም እሳቸውን ለማለዘብ «ለጊዜው ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቼ ኃላፊ እሆናለሁ» አልካቸው። «ጥሩ መላ አይደለም?» ብለህ ትጠይቀኛለህ።

አይደለም። አባትህ ሥራው ያሳፍራል አሉ፤ አንተም «አዎን፣ ግን ቶሎ እወጣለታለሁ» ብለህ ተስማማህላቸው። እንዲህ ብሎ የገባ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

እኔም ያንኑ ብዬ ነበር የገባሁት። በሦስተኛ ዓመቴ የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ። ደም ሥር ማግኘት ያስተማሩኝ፣ ከእኔ በፊት ዓመታት የሠሩ ሁለት ሴቶች እዚያው ነበሩ። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ኩራቱ ስለጣመኝ ዝም አልኩ። ክሪስቲን ዊልያምስ የምትባል የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዚህ ነገር ስም አውጥታለታለች፦ የመስታወት ተንቀሳቃሽ ደረጃ። በሴቶች ሙያ የገባ ወንድ ባለበት ልቆይ ቢል እንኳ ደረጃው ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል። ታማሚዎቹም ሳያውቁት ያግዙታል፤ እኔን «ዶክተር» እያሉ፣ አጠገቤ የቆመችውን ሐኪም «ሲስተር» ይሏት ነበር። ቢሮ ገብቼ የተራ ድልድል ስሠራ ዓመታት አለፉ። እጄ መርፌ ረሳ። ዛሬ ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

አባትህ የናቁትን አልጋ ማንጠፍ ደግሞ እንየው። መንቀሳቀስ የማይችል ሰው አንሶላው ሲቀየር ይገላበጣል፤ ጀርባው፣ ዳሌው፣ ተረከዙ ይታያል። የቀላ ቦታ ካለ በጣትህ ትጫነዋለህ። ቅላቱ ስትጫነው ካልጠፋ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ነው፤ ያኔ ካልተደረሰበት እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። እግረ መንገድህን ትንፋሹን ትቆጥራለህ፣ ትናንት ይናገር የነበረው ዛሬ ቃል እየጠፋው እንደሆነ ትሰማለህ። ሐኪሙ መጥቶ የሚያነበው ሰነድ ላይ የሚሰፍረው አንተ ያየኸው ነው። ይህን የሚያይ ዓይን በሁለት ዓመት አይመጣም። እኔ እንኳ ገና ሲከፈትልኝ ነው ከታማሚው ያራቁኝ።

«የሴት ሥራ» የሚለው ነገር ደግሞ እንደሚመስለን ጥንታዊ አይደለም። ካሚለስ ደ ሌሊስ የተባለው ጣሊያናዊ ወታደርና ቁማርተኛ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ልብሳቸው ላይ ቀይ መስቀል ያደረጉ፣ ሕሙማንን የሚያጥቡና የሚያጎርሱ ወንዶችን ማኅበር ያቋቋመ እሱ ነው። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ የከፈተችው ትምህርት ቤት ግን ለሴቶች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ በሩ በወንድ ላይ ተዘጋ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የነርሶች ክፍል ለወንድ ነርስ መኮንንነት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ «የነርሶች ሮያል ኮሌጅ» የተባለው የእንግሊዝ ነርሶች ማኅበርም ወንድ አባል የተቀበለው በ1960። ጆ ሆጋን የተባለ አሜሪካዊ ሚሲሲፒ ውስጥ በሚገኝ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ለመማር አመልክቶ በወንድነቱ ሲመለስ ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1982 አምስት ለአራት በሆነ የዳኞች ድምፅ ረታ። ዛሬም በዓለም ላይ አብዛኞቹ ነርሶች ሴቶች ናቸው። ይህን ለአባትህ ብትነግራቸው ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ብዬ አይደለም። አንተ ራስህ ስታወራ አንገትህን እንዳትደፋ ነው።

ሴት ታማሚዎች አይቀበሉኝም ብለህ ፈርተሃል። አንዳንዶቹ አይቀበሉህም፤ መብታቸው ነው። ከመንካትህ በፊት ምን እንደምታደርግና ለምን እንደሆነ ንገራት፣ ፈቃዷን ጠብቅ፣ መጋረጃውን ሳብ፣ የምትሠራበትን ቦታ ብቻ ግለጥ። ገላ የሚነካ ሥራ ሲሆን ሴት ባልደረባ አጠገብህ ትቁም፤ ይህ ለአንተም መከላከያ ነው። «ሴት ነርስ ይምጣልኝ» ካለች «እሺ» ብለህ ጥራላት፣ አትቀየም። ባልደረቦችህ ከባድ ታማሚ በተነሣ ቁጥር፣ የሚደባደብ በመጣ ቁጥር አንተን ብቻ ከጠሩ ግን በጊዜ ተናገር። ጡንቻ ሆነህ አልተቀጠርክም።

ደመወዙ አያበለጽግህም። የሌሊት ተራ ይለመዳል፤ ቀን የምትተኛበት ክፍል ጨለማ ይሁን።

ስለ ገንዘቡ ሳልሸሽግ ልንገርህ፦ የአባትህ ነው፣ አልከፍልም ማለትም ይችላሉ። አንተ ግን በውሸት ልታስከፍላቸው ነው። ሁለት ዓመቱ ሲያልፍና ኃላፊ ሳትሆን ስትቀር፣ ወይም እንደ እኔ ሳትፈልገው ስትሆን፣ ምን ልትላቸው ነው? «ያልኩዎት ለማስደሰት ነበር፤ ነርስ ሆኜ መቅረት ነው የምፈልገው» በላቸው። ከዚያ አትከራከር። ዝም ካሉ ዝም ይበሉ፤ አንድ ዓመት ሠርተህ አጠራቅመህ ብትገባም በእኔ በኩል አይቆጭም።

የምዝገባው ቀን መቼ እንደሚያልፍ ግን አልጻፍክልኝም። ቀርቦ ከሆነ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደህ በየወሩ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ወይም ቦታህን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩልህ እንደሆነ ጠይቅ። ከአባትህ ጋር ማታ ትነጋገራለህ።