መልስ፦ ስቶፕ ሞሽን ስሠራ ብርሃኑ ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?

ሰላም ወንድሜ። ለመመረቂያህ በጭቃ አሻንጉሊት የምትሠራው ስቶፕ ሞሽን (አሻንጉሊቱን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በፎቶ የሚሠራ አኒሜሽን) ሲጫወት ብርሃኑ ብልጭ ድርግም እንደሚል፣ የምታነሳውም በመስኮት ብርሃን እንደሆነ ጽፈሃል። ችግሩ መስኮቱ ነው። በሰከንድ 12 ፎቶ ብትጠቀም እንኳ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ ያስፈልግሃል። ያን ሁሉ አንስተህ እስክትጨርስ ፀሐይዋ ቦታ ትቀይራለች፤ ደመናም ይመጣል፣ ይሄዳል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ወይም በካርቶን ድፈነው።

አንድ የጠረጴዛ መብራት ይበቃሃል። ከጎን፣ ከፍ አድርገህ አብራው። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ብታቆም ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያለሰልስልሃል። የሚግል አምፖል ጭቃውን ስለሚያላላው ኤልኢዲ ይሻላል።

ካሜራው ላይ ምንም ነገር አውቶ አይሁን! አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ)፣ ፎከስ (ጥራት)፣ ሁሉንም በእጅ አስተካክለህ አትንካቸው። ኋይት ባላንስን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን) ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር፣ በየዙሩ ሁለት ብልጭታ) ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን ወደ ግማሽ ሰከንድ ብታዘገየው ያ መርገብገብ ይጠፋል። አሻንጉሊቱ እንደሆነ አይሮጥም፣ ምን ያጣድፍሃል? ካሜራው እንዳይነቃነቅ ግን ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን) ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣብቀው፤ በታይመር አንሳ።

ነጭ ልብስ አትልበስ፣ ብርሃን ይመልሳል። ጥቁር ልበስና በየፎቶው እዚያው ቦታ ቁም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከቀጠለ ሌንሱን ተመልከት። አፐርቸሩ በየፎቶው ልክ እኩል ላይዘጋ ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ከፍተህ ሞክረው። ከመጀመርህ በፊት አሻንጉሊቱን ሳትነካ 20 ፎቶ አንሳና አጫውት። ካልተርገበገበ ቀጥል።