ሱቃችን ውስጥ ቢራና ወይን ለመሸጥ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔና ባለቤቴ ደቡብ ለንደን ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችን፣ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ወተትና ዳቦ ምናምን ነው የምንሸጠው። ቅዳሜ ማታ ደንበኛው እንጀራውን ይዞ “ቢራ የላችሁም?” ይልና ማዶ ካለው ሱቅ ሄዶ ይገዛል፣ ያናድዳል። ላይሰንስ (የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ) እናውጣ ስንል አንድ ሰውዬ 2 ሺህ ፓውንድ ክፈሉኝ ልጨርስላችሁ አለን፣ እውነት ይሄን ያህል ከባድ ነው? ደግሞ እናቴ ጠጅ ትጥላለች፣ እሱንስ አብረን መሸጥ እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ገንዘብሽን ያዢው። ፎርሙ የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ዌብሳይት ላይ ይሞላል፣ ክፍያውም የሱቁን ሬተብል ቫልዩ ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ እስከ 4,300 ፓውንድ ከሆነ 100፣ ከዛ በላይ እስከ 33,000 ከሆነ 190፣ እስከ 87,000 ደግሞ 315 ፓውንድ። ሬተብል ቫልዩ ሲባል ኪራያችሁ እንዳይመስልሽ፣ ቢዝነስ ሬት የሚባለው የሱቅ ግብር የሚሰላበት የሱቁ ግምት ነው፣ የቢዝነስ ሬት ወረቀታችሁ ላይ አለ።

ሰው የሚምታታበት ላይሰንሱ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ የሱቁ ነው፣ ፕሪሚስስ ላይሰንስ ይሉታል፣ ሌላው የሰው ነው፣ ፐርሰናል ላይሰንስ። ለፐርሰናሉ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የአንድ ቀን ኮርስ ወስዳችሁ መልስ የሚመረጥበት ፈተና ትፈተናላችሁ፣ የወንጀል ሪከርድ ቼክ ታወጡና 37 ፓውንድ ከፍላችሁ ማመልከት ነው፣ እሱም ለምትኖሩበት ካውንስል እንጂ ሱቁ ላለበት አይደለም። ያ ሰው ነው የሱቁ ተጠሪ ሆኖ የሚመዘገበው። ሁሌ ካሸር ላይ መቆም የለበትም ግን ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሱን ነው፣ ስለዚህ ሱቅ የማይውል ዘመድ ስም አታስገቡ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፎርሙ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትሸጡና ችግር እንዳይፈጠር ምን እንደምታደርጉ የምትጽፉበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው እዛ ጋ ሲደርስ ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፣ ያ ነው ኋላ የሚያስለቅሰው፣ ምክንያቱም እዛ የጻፋችሁት የላይሰንሱ ኮንዲሽን (ማክበር ያለባችሁ ግዴታ) ሆኖ ይወጣል። ካሜራ አለን፣ ቪዲዮውን 31 ቀን እናስቀምጣለን ካላችሁ ፖሊስ መጥቶ ከ20 ቀን በፊት የተቀረጸውን አሳዩኝ ሲል መኖር አለበት፣ የለም ማለት ያለ ላይሰንስ እንደመሸጥ ነው፣ ቅጣቱም እስከ 6 ወር እስርና ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ይደርሳል። ስለዚህ የምትችሉትን ብቻ ጻፉ፦ ከ25 ዓመት በታች የሚመስልን ሁሉ መታወቂያ እንጠይቃለን፣ የመለስነውን ሰው ደብተር ላይ እንመዘግባለን፣ ጠንካራ ቢራ በነጠላ ጣሳ አንሸጥም፣ የመሳሰሉት። 24 ሰዓት ብላችሁም አትጠይቁ በናታችሁ፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቮድካ ቢሸጥ ማን ነው የሚወደው? ሱቁ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት ከሆነ እስከ 5 ጠይቁ። ተገዝቶ የሚወሰድ ብቻ የሚለውን ምረጡ፣ እዛው ይጠጣ የሚለውን ካስገባችሁ ሌላ ጣጣ ነው።

ከመላካችሁ በፊት የፖሊስ ላይሰንሲንግ ኦፊሰሩ ጋ ደውሉ። ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶችም ጋ ግቡና ንገሯቸው፣ ከማስታወቂያ ሲያነቡት ነው ሰው የሚደነግጠው። አካባቢያችሁ መጠጥ ቤትና መጠጥ ሱቅ በዝቷል ተብሎ በካውንስሉ ፖሊሲ የተለየ ከሆነ፣ እንደነ ሾርዲች፣ አዲስ ላይሰንስ በጣም ይከብዳል፣ ይሄንን ሳታጣሩ አንድ ፓውንድ አታውጡ።

ከላካችሁ በኋላ ሰማያዊ ማስታወቂያ ከውጭ እንዲነበብ አድርጋችሁ 28 ቀን ትለጥፋላችሁ፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ ጋዜጣ ላይ ታወጣላችሁ (ጋዜጣው ከላይሰንሱ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል፣ አትደንግጡ)። በ28ቱ ቀን ማንም ካልተቃወመ ካውንስሉ መስጠት ግዴታው ነው። ፖሊስ ከተቃወመና በሚጠይቀው ኮንዲሽን ከተስማማችሁ ተቃውሞውን ያነሳል። ካልሆነ የካውንስል አባላት ፊት ሂሪንግ (ጉዳዩ የሚሰማበት ስብሰባ) ይኖራል፣ ያ 2 ሺህ የጠየቃችሁ ሰውዬ ገንዘብ የሚገባው ካለ እዛ ጋ ነው። እምቢ ቢሏችሁም በ21 ቀን ውስጥ ማጂስትሬት ኮርት ይግባኝ ይባላል።

የእናትሽን ጠጅ በተመለከተ፣ ለቤት ጥላ ከዘመድ ጋር ብትጠጡት ማንም አይናገራችሁም። መሸጥ ግን አይቻልም፣ የሱቁ ላይሰንስም አያድነውም፣ ለሽያጭ የሚጠመቅ ነገር ከግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድና ቀረጥ ይፈልጋል። ቀረጡ የተከፈለበት የታሸገ ጠጅ ከተመዘገበ ሆልሴለር (ጅምላ ሻጭ) ገዝታችሁ መሸጥ ትችላላችሁ፣ ደረሰኙን ብቻ አስቀምጡ። በመኪና መጥቶ በርካሽ ልስጣችሁ የሚለውን ሰው ግን በሩ ላይ መልሱት።

ላይሰንሱ ከወጣ በኋላ በየዓመቱ ክፍያ አለ፣ 190 ለከፈለ 180 ፓውንድ ነው። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ካልተከፈለ ላይሰንሱ ይታገዳል፣ እስኪከፈል ድረስም አንድ ቢራ መሸጥ አይቻልም።